እንግሊዝኛ አጥንቶ ምን ይኮናል? ከምዝገባ እስከ መጀመሪያው ክፍያ

"ምንድን ነው የምታጠናው?" "እንግሊዝኛ።" ከዚያ በኋላ የምትመጣውን አጭር ዝምታ እንግሊዝኛ ያጠና ሁሉ ያውቃታል። ሕክምና ያለ ሐኪም ይሆናል። ሕግ ያለ ጠበቃ ይሆናል። እንግሊዝኛ ያለስ? "አስተማሪ ልትሆን ነዋ!" ይሉኝ ነበር። እኔም "አዎ" ብዬ እገላገላለሁ። የማስተማር ሐሳብ እንኳ አልነበረኝም፤ ማስረዳቱ ነበር የሚደክመኝ።

ዛሬ ዞር ብዬ ሳየው ጥፋቱ የጠያቂዎቹ አልነበረም። መልሱን እኔም አላውቀውም ነበር። የእንግሊዝኛ ዲግሪ ላይ የሥራ ስም አልተጻፈበትም። ስሙን የሚጽፈው ተማሪው ነው፤ ለዚያውም ገና ትምህርት ላይ እያለ። እኔ ይህን የገባኝ የመጨረሻው ዓመት ላይ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ የመጀመሪያው ሲቪዬ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላ ብሎ አስቸግሮኝ ነበር። እናንተ እንዲህ እንዳትሆኑ ከምዝገባው ጀምሬ ደረጃ በደረጃ ልንገራችሁ።

ደረጃ 1፦ የምትገቡበትን ክፍል እወቁ

ብዙ ሰው የእንግሊዝኛ ክፍልን የቋንቋ ትምህርት ቤት ያደርገዋል። ሄደው ሲያዩት ሌላ ነው። ሰዋስው የሚያስተምራችሁ ሰው ብዙም አታገኙም፤ ሰዋስዉን እንደምታውቁ ተቆጥሮ ነው ትምህርቱ የሚጀመረው። ትምህርቱ በአብዛኛው ሦስት ዘርፍ አለው። አንዱ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ግጥም፣ ልቦለድ፣ ተውኔትና ሂስ። ሁለተኛው ሥነ ልሳን ነው፤ ድምፅ፣ የቃላት አመሠራረት፣ የዓረፍተ ነገር አወቃቀር፣ የቋንቋ ታሪክ። ሦስተኛው ተግባራዊው ነው፤ ቋንቋ ማስተማር፣ ትርጉም፣ ሙያዊ ጽሑፍ፣ አንዳንድ ቦታ ጋዜጠኝነት።

ስሙ አንድ ሆኖ ውስጡ እንደየኮሌጁ ይለያያል። አንዱ ኮሌጅ 80 በመቶውን ልቦለድና ግጥም ያደርገዋል፤ ሌላው ግማሹን ለሥነ ልሳን ይሰጣል። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር አውጥታችሁ በሦስት ቀለም አስምሩ። የትኛው ቀለም እንደበዛ ሲታይ ክፍሉ ምን እንደሆነ ራሱ ይነግራችኋል። ከሌላ ክፍል ስንት ኮርስ መውሰድ እንደሚፈቀድም በዚያው ጠይቁ። ይህች ጥያቄ ደረጃ 5 ላይ ትጠቅመናለች።

ሥነ ጽሑፉ ለሥራ ምን ይፈይዳል የሚል ካለ አንድ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ካምብሪጅ ውስጥ አይ. ኤ. ሪቻርድስ የሚባል መምህር ግጥሞችን የገጣሚዎቹን ስም እያጠፋ ለተማሪዎቹ አደለ። የተሰማችሁን ጻፉ አላቸው። ጎበዝ የሚባሉት ተማሪዎች ታላላቆቹን ገጣሚዎች አጣጣሉ፣ ተራውን ግጥም አሞገሱ። ለካ ሲያነቡ የኖሩት ስሙን ነበር። ገጹ ላይ ያለውን ብቻ ይዞ፣ ቃል በቃል መርምሮ የመፍረድ ልምምድ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ውል የሚመረምር፣ ሪፖርት የሚያርም፣ የተጠቃሚ ቅሬታ የሚያነብ ሰው የሚሠራው ያንኑ ነው።

ደረጃ 2፦ ደረጃችሁን ሳታፍሩ ለኩ

የአውሮፓ ምክር ቤት ያወጣው የቋንቋ ደረጃ መለኪያ ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት እርከን አለው። የኮሌጅ ንባብ ሳያንገላታ የሚሄደው ቢ2 አካባቢ ላለ ሰው ነው። በነፃ የሚገኙ የመለኪያ ፈተናዎች በኢንተርኔት ሞልተዋል፤ አንዱን ሞክሩ። አይኢኤልቲኤስ ወይም ቶፍል የሚባሉትን ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተናዎች ግን ካልተጠየቃችሁ በስተቀር ቶሎ አትውሰዱ። የሁለቱም ውጤት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ ነው። አንደኛ ዓመት ላይ ከፍሎ የተፈተነ ሰው ሲመረቅ በእጁ ያለው ጊዜው ያለፈበት ወረቀት ነው።

እኔ ከፈተና ይልቅ የማምነው ሌላ መለኪያ አለኝ። ከማታውቁት መጽሐፍ አንድ ገጽ ክፈቱና የማታውቁትን ቃል ቁጠሩ። ከ100 ቃል ውስጥ ሁለት ብቻ ከሆነ ያለ እርዳታ መጓዝ ትችላላችሁ። አምስት፣ ስድስት ከሆነ ንባቡ ድካም ይሆናል። ፖል ኔሽን የተባለው የቃላት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት፣ ከተራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ 98 በመቶውን ለማወቅ ከ8,000 እስከ 9,000 የሚደርሱ የቃል ቤተሰቦች እንደሚያስፈልጉ አስልቷል። ቤተሰብ ሲል ዋናውን ቃልና ከእሱ የሚረቡትን አንድ ላይ ቆጥሮ ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ግን በቀን አምስት አዲስ ቤተሰብ የያዘ ሰው በአራት ዓመት ከ7,000 ያልፋል። ባዶ እጁን የሚጀምር ደግሞ የለም።

ደረጃ 3፦ ቃልን ከነጓደኛው ያዙ

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ተሳስተናል። የቃል ዝርዝር እንጽፋለን፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው። ከዚያ ስንጽፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ዓረፍተ ነገሩ እንግዳ ይሆናል።

ምሳሌ እንይ። በአማርኛ ስህተት "ይሠራል"። በእንግሊዝኛ ግን ግሱ "ሜክ" ነው፤ "ዱ" ያለ ሰው ወዲያው ይታወቃል። ፎቶ እኛ "እናነሳለን"፤ እነሱ "ቴክ" ይላሉ። ክኒን እኛ "እንውጣለን"፤ እነሱ እሱንም "ቴክ" ነው የሚሉት። እኛ ሲጋራ "እናጨሳለን"፣ ጢስ "እናጤሳለን" ብለን እንደምንለየው ሁሉ፣ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ የሚወስነው ልማድ ነው። ሎጂክ አትፈልጉበት።

ስለዚህ ደብተራችሁን ቀይሩ። ነጠላ ቃል አትጻፉ። ቃሉን ካገኛችሁበት ዓረፍተ ነገር ጋር፣ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ቃላት ጋር ገልብጡት። ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል ማየት ከፈለጋችሁ የተሰበሰበ የጽሑፍ ክምችት፣ ማለትም ኮርፐስ ተጠቀሙ። የእንግሊዞቹ ብሔራዊ ኮርፐስ 100 ሚሊዮን ቃል ይዟል። አንትኮንክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ደግሞ እናንተ ራሳችሁ የሰበሰባችሁትን ጽሑፍ በዚያው መንገድ ይፈትሽላችኋል። አንድ ከሰዓት ብትሰጡት ትለምዱታላችሁ። ለመመረቂያ ጽሑፍም፣ ኋላ ለሥራም ይሆናል።

ንባቡን በተመለከተ የምመክረው አጭር ነው። ሁለት ጊዜ አንብቡ። መጀመሪያ ሳታቆሙ፣ መዝገበ ቃላት ሳትከፍቱ። ቀጥሎ እርሳስ ይዛችሁ። ሲያልቅ መጽሐፉን ዘግታችሁ ያነበባችሁትን በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። መጻፍ ካቃታችሁ አላነበባችሁትም።

ደረጃ 4፦ መጻፍ (እዚህ ረጋ እንበል)

የመጀመሪያው ኤሴዬ ሲመለስልኝ ቀይ ቀለም አልነበረበትም። ሰዋስዉ ንጹህ ነበር። ከታች ግን መምህሬ በእርሳስ አንዲት ጥያቄ ጽፎበታል፤ ወደ አማርኛ ስትመለስ "እና ምን ይሁን?" ማለት ነው። አራት ገጽ ሙሉ ታሪኩን መልሼ ተርኬ ነበር። አንድም ነገር አልተከራከርኩም።

የእንግሊዝኛ ክፍል ኤሴይ ክርክር ነው። ዋናው ሐሳባችሁ ጤነኛ ሰው "አልስማማም" ሊልበት የሚችል መሆን አለበት። "ይህ ልቦለድ ስለ ድህነት ነው" የሚለው አያከራክርም። "ይህ ልቦለድ ድህነትን ያወግዛል፤ ተራኪው ግን ድሆቹን አንድ ጊዜ እንኳ በስማቸው አይጠራም" የሚለው ግን ማስረጃ ይጠይቃል። ማስረጃው ደግሞ ገጹ ላይ አለ፤ ሄዶ መልቀም ብቻ ነው።

አሠራሩን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያገኛችሁትን ሁሉ ዝርክርክ አድርጋችሁ ጻፉ። ማንም አያየውም። ለአንድ ቀን ተዉት። ስትመለሱ ከእያንዳንዱ አንቀጽ ጎን አንቀጹ ምን እንደሚል በአንድ መስመር ጻፉ። መስመሮቹን ብቻ ከላይ ወደ ታች አንብቡ። ሁለቱ አንድ ነገር የሚሉ ከሆነ አንዱን ሰርዙ። አንዱ አንቀጽ ሁለት መስመር ከፈለገ ሁለት ቦታ ክፈሉት። ቅደም ተከተሉ ካላስኬደ አቀያይሩ። ሰዋስው የምታርሙት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያረማችሁት እንደሆነ፣ ኋላ የምትጥሉትን ዓረፍተ ነገር ስታሳምሩ ትውላላችሁ። በመጨረሻም ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። ምላሳችሁ የተደናቀፈበት ቦታ የአንባቢው ዓይንም ይደናቀፍበታል።

ለአማርኛ ተናጋሪ አንድ ልዩ ወጥመድ አለ። የእኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሰውየውን፣ ቦታውን፣ ጊዜውን፣ ምክንያቱን ሁሉ ደርድረን፣ አድማጩን አጓጉተን ማሰሪያው ላይ እንፈታዋለን። በእንግሊዝኛ ግን ባለቤቱና ግሱ ከፊት ካልመጡ አንባቢው ይጠፋል። አንቀጹም እንደዚያው ነው፤ ዋናው ነጥብ ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ይቀመጣል። ጽሑፋችሁ "ዞሮ ዞሮ ነው የሚመጣው" ከተባለ ሰዋስዋችሁን አትወቅሱ። የዓረፍተ ነገሮቻችሁን መጀመሪያ ብቻ እየነጠላችሁ አንብቡ፤ ማን ምን እንዳደረገ ከዚያው መታየት አለበት።

ምንጭ አጠቃቀስን ከመጀመሪያው ሳምንት ተለማመዱ። ሥነ ጽሑፍ ላይ የተለመደው ኤምኤልኤ የሚባለው ስልት ነው፤ በቋንቋ ማስተማርና በሥነ ልሳን ብዙ ጊዜ ኤፒኤ ነው። ዞቴሮ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ምንጮቻችሁን ሰብስቦ በየስልቱ ያወጣላችኋል። ያወጣውን ግን በዓይናችሁ ፈትሹ፤ ተሳስቶ ያውቃል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትስ? ክፍላችሁ የሚፈቅደውን እወቁና ከዚያ አትለፉ። እኔ እንደማየው ጽሑፋችሁን ሰጥታችሁ "የት ጋ ግልጽ አይደለም?" ብትሉት ጥሩ አንባቢ ይሆንላችኋል። ጻፍልኝ ካላችሁት ግን የምትሸጡትን ችሎታ ሳታገኙት ትመረቃላችሁ። ቀጣሪ የማሽኑን ጽሑፍ ለማግኘት እናንተን አይፈልግም። የሚፈልገው ማሽኑ የጻፈው የቱ ጋ እንደዋሸና የቱ ጋ እንደደነዘዘ የሚያይለትን ሰው ነው። ያን ዓይን የሚሰጠው ራስ መጻፍ ነው።

ስለ ንግግር ባጭሩ ላንሳ። እንግሊዝኛ 26 ፊደል ይዞ ወደ 44 የሚጠጉ ድምፆች አሉት። ለዚህ ነው የተጻፈው እንደተጻፈ የማይነበበው። ፈረሰኛ የሚል ትርጉም ያለው "ናይት" በኬ ፊደል የሚጀምረው ድሮ ኬው ይነበብ ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1476 እንግሊዝ ማተሚያ ሲገባ አጻጻፉ መርጋት ጀመረ፤ አነጋገሩ ግን መለወጡን አላቆመም። ዋናው ችግራችን ግን ድምፁ ላይ አይደለም፤ ከቃሉ የትኛውን ክፍል ጫን ብለን እንደምንናገር አለማወቃችን ነው። "ፎቶግራፍ" ሲባል ጫናው መጀመሪያው ላይ ነው፣ "ፎቶግራፈር" ሲባል ሁለተኛው ላይ፣ "ፎቶግራፊክ" ሲባል ሦስተኛው ላይ። ጫናው የሌለበት ክፍል ደግሞ ወደ "ኧ" ይሟሽሻል። የአንድ ደቂቃ ንግግር ምረጡ፣ ተናጋሪውን እግር በእግር እየተከተላችሁ በሉት፣ ቅዱት፣ አወዳድሩት። ለአንድ ወር በየቀኑ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ፈረንጅ ለመምሰል አትድከሙ፤ መሰማት በቂ ነው።

ደረጃ 5፦ ሁለተኛ እግር ምረጡ

የጽሑፌ ዋና ነገር እዚህ ነው። እንግሊዝኛ ብቻውን በአንድ እግሩ እንደቆመ ሰው ነው። ከአንድ ሌላ ነገር ጋር ሲጣመር ግን ይራመዳል። እንግሊዝኛና ኮምፒውተር፣ እንግሊዝኛና ጤና፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ አያያዝ፣ እንግሊዝኛና ሌላ ቋንቋ፣ እንግሊዝኛና የሰዎች ሥልጠና። ሁለተኛው ነገር ዲግሪ መሆን የለበትም። ሦስት አራት ኮርስና አንድ ዓመት ጉጉት ይበቃዋል።

ምርጫውን ሁለተኛ ዓመት ሳያልቅ ወስኑ። እንዴት? ማንም ሳያዛችሁ ስለ ምን እንደምታነቡ ተመልከቱ። ስለ ስልክ የምታነቡ ከሆነ ቴክኒካል ጽሑፍ ይጠራችኋል። ስለ በሽታ የምታነቡ ከሆነ የሕክምና ትርጉም አለ። ስለ ክርክርና ፍርድ ከሆነ ሕግ። ምንም ካልሆነ ደግሞ የአፍ መፍቻ ቋንቋችሁን በቁም ነገር ተማሩ፤ እንግሊዝኛ ችሎ በራሱ ቋንቋ ንጹህ አንቀጽ የሚጽፍ ሰው ከምታስቡት በላይ ብርቅ ነው።

ደረጃ 6፦ ሥራዎቹን ከውስጥ እዩ

*ማስተማር።* ተደጋግሞ ስለሚነሳ ይናቃል፤ አግባብ አይደለም። ቋንቋውን መቻልና ማስተማር መቻል ግን ሁለት ነገር ነው። መደበኛ ትምህርት ቤት ለማስተማር በብዙ አገር የመምህርነት ሥልጠና ወይም ፈቃድ ያስፈልጋል። ለአዋቂዎች ለማስተማር ሴልታ የሚባለው የካምብሪጅ ሰርተፍኬት በብዙ አገር ይታወቃል። ቢያንስ 120 ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያ ውስጥ 6 ሰዓቱን እውነተኛ ተማሪዎች ፊት ቆማችሁ እየተገመገማችሁ ታስተምራላችሁ። ብዙ ሰው የማያውቀው ልዩ ዘርፍም አለ፤ ለአንድ ሙያ ብቻ የሚሆን እንግሊዝኛ ማስተማር። አቪዬሽን ጥሩ ምሳሌ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከመጋቢት 2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚሠሩ አብራሪዎችና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ከስድስቱ የእንግሊዝኛ ደረጃዎች ቢያንስ አራተኛውን እንዲያሟሉ ደንግጓል። አራተኛ ደረጃ ላይ ያለ ሰው በየሦስት ዓመቱ እንደገና እንዲፈተን ይመከራል። እነሱን የሚያሠለጥንና የሚፈትን ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው።

*ትርጉምና አስተርጓሚነት።* ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ተርጓሚ በጽሑፍ፣ አስተርጓሚ በአፍ። ተርጓሚ ብዙ ጊዜ የሚተረጉመው ወደ ገዛ ቋንቋው ስለሆነ፣ የሚፈተነው እንግሊዝኛችሁ ብቻ አይደለም። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ኢሶ 17100 የተባለው የጥራት መስፈርት፣ ተርጓሚው የጨረሰውን ሥራ ሌላ ሰው ከዋናው ጋር አስተያይቶ እንዲያየው ያዛል። ጀማሪ ሆናችሁ የራሳችሁ ሥራ ተሰርዞና ተደልዞ ሲመለስ አትደንግጡ፤ ሥርዓቱ ነው። የስብሰባ አስተርጓሚዎች ደግሞ በድምፅ መከላከያ ክፍል ውስጥ ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፣ በየ20 ወይም 30 ደቂቃው ይለዋወጣሉ። ከዚያ በላይ አእምሮ አይችለውም። ተራውን የትርጉም ሥራ ማሽን እየወሰደው ነው፤ አልደብቃችሁም። የተርጓሚው ድርሻ ማሽኑ የተረጎመውን ወደማረም እየዞረ ነው። ስህተት ዋጋ በሚያስከፍልበት ቦታ፣ ማለትም በሕግ፣ በሕክምናና በፍርድ ቤት፣ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው አሁንም ይፈለጋል።

*ኤዲቲንግ።* "አርምልኝ" ሲባል ምን ዓይነት እርማት እንደሆነ ጠይቁ። አንዱ የጽሑፉን አወቃቀር ያያል፣ ምዕራፍ ያነሳል፣ ምዕራፍ ያስገባል። ሌላው ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ቋንቋውን ያጠራል። የመጨረሻው ፕሩፍሪደር ነው፤ ሊታተም የደረሰውን ገጽ ይዞ የቀረውን የፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ግድፈት ይለቅማል። ሦስቱን በአንድ ዋጋ የተቀበለ ሰው ይከስራል። እኔ አንድ ጊዜ "ትንሽ እያት" የተባልኩትን ጽሑፍ ከነአጽሙ መልሼ ጻፍኩት። የተከፈለኝ ለፊደል ግድፈት ነበር።

*ቴክኒካል ጽሑፍ።* ከሥራዎቹ ሁሉ ተማሪዎች ሳይሰሙት የሚመረቁት ይኼኛው ነው። ሶፍትዌር፣ የሕክምና መሣሪያ፣ የፋብሪካ ማሽን፣ ሁሉም የአጠቃቀም መመሪያ አለው። መመሪያውን የሚጽፈው መሐንዲሱ ቢሆን ሌላ መሐንዲስ ብቻ ነው የሚረዳው። ቴክኒካል ራይተር መሐንዲሱን ጠይቆ፣ መሣሪያውን ራሱ ነካክቶ፣ ለማያውቅ ሰው ይጽፋል። አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ድርጊት። ማስጠንቀቂያው ከድርጊቱ በፊት፤ "ቀዩን ገመድ ቁረጥ፤ ግን መጀመሪያ መብራቱን አጥፋ" ብሎ የጻፈ ሰው አደጋ አድርሷል። ሁለተኛ እግራችሁ ኮምፒውተር ከሆነ ማርክዳውን (ጽሑፍን በቀላል ምልክቶች ማሰናጃ) እና ጊት (የፋይል ለውጦችን መከታተያ) የሚባሉትን ተማሩ። የመጀመሪያዋ በአንድ ቀን ትያዛለች፤ ሁለተኛዋ ትንሽ ታንገራግራለች።

ሌሎቹን በፍጥነት። የትርጉም ጽሑፍ ለፊልም መሥራት አለ፤ በላቲን ፊደል የተለመደው ወሰን ሁለት መስመር፣ በመስመር 42 ምልክት አካባቢ ስለሆነ ቋንቋ የመቆጠብ ጥበብ ነው። የሕዝብ ግንኙነትና ማስታወቂያ አለ። ለድርጅቶች የፕሮጀክት ማመልከቻ መጻፍ አለ፤ እዚህ ቋንቋው ግማሹ ነው፣ ቀሪው በጀትና የጊዜ ገደብ ማክበር ነው። የቋንቋ መረጃ የሚያዘጋጁና የማሽን መልስ የሚገመግሙ ሥራዎች አሉ፤ ሥነ ልሳን የተማረ ሰው ቅድሚያ አለው። ሕግ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ዲፕሎማሲና የንግግር ሕክምና ደግሞ ሌላ ትምህርት ወይም ሌላ ፈተና ይፈልጋሉ፤ የእንግሊዝኛ ዲግሪ በሩን ይከፍታል እንጂ አያስገባም።

ደረጃ 7፦ ናሙና አከማቹ

ቀጣሪ ትራንስክሪፕት ያያል፤ የሚወስነው ግን ናሙና አይቶ ነው። "እስካሁን የቀጠረኝ የለም፣ ናሙና ከየት ላምጣ?" ትላላችሁ። ቀጣሪ አያስፈልግም። ቤታችሁ ካለ ዕቃ ላይ ግራ የሚያጋባውን የአጠቃቀም መመሪያ አንሱ፤ በአንድ ገጽ መልሳችሁ ጻፉት። የመጀመሪያውንና የእናንተን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስቀምጡ። የተማሪዎች ክበብ መጽሔት ካለ ኤዲተር ሁኑ። የአሥር ደቂቃ ንግግር ላይ የትርጉም ጽሑፍ ሥሩ፤ ይህን ግን የንግግሩ ባለቤት ሳይፈቅድ ለሕዝብ አትልቀቁ። አንድ የ45 ደቂቃ የትምህርት ዕቅድ አዘጋጁና አስተምራችሁበት፣ ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ በግማሽ ገጽ ጻፉ።

አምስት ናሙና ይበቃል። ሃያ አታድርጉት፤ ደካማው ጠንካራውን ይጎትተዋል። ከእያንዳንዱ በላይ ለማን እንደተጻፈ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀና የእናንተ ድርሻ የቱ እንደሆነ በሁለት መስመር አስፍሩ። ሰው በምሥጢር የሰጣችሁን ሰነድ ናሙና አታድርጉ። አንድ ጊዜ የተያዘ ሰው ሁለተኛ አይታመንም።

ደረጃ 8፦ የመጨረሻው ዓመት

የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርዕስ ወደምትሄዱበት አቅጣጫ አዙሩት። ትርጉም መሥራት የሚፈልግ አንድን ሰነድ ከትርጉሙ ጋር ያነጻጽር። ማስተማር የሚፈልግ የተማሪዎችን የጽሑፍ ስህተት ሰብስቦ ይመድብ። ቃለ መጠይቅ ላይ ችሎታችሁን በራሳችሁ ሥራ ታስረዳላችሁ፤ የሰው ንድፈ ሐሳብ ስታነበንቡ አትገኙም።

ሲቪ ላይ "ጥሩ የመግባባት ችሎታ አለኝ" አትበሉ። ሁሉም ይላል። "ለክበባችን መጽሔት ስድስት እትሞች አርሜአለሁ፤ የጸሐፊዎች መመሪያ አዘጋጅቻለሁ" በሉ። የእንግሊዝኛ ምሩቅ ሲቪ ላይ የፊደል ግድፈት ከተገኘ ደግሞ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ሁለት ሰው ያንብብላችሁ፣ አንዱ እንግሊዝኛ ያላጠና ይሁን።

ብዙ ቀጣሪ የሙከራ ሥራ ይሰጣል። አንድ ወይም ሁለት ገጽ ከሆነ ያለ ነው። ሠላሳ ገጽ "ለሙከራ" ከተባላችሁ ግን ሥራው እየተሠራላቸው ነው። በትህትና "ሁለት ገጽ ልሥራላችሁ፣ ቀሪውን በክፍያ" በሉ። ፊታቸው ከጠቆረ ቀድሞውንም ሊከፍሉ አላሰቡም።

ፍሪላንስ ከሆናችሁ፣ ማለትም ሳትቀጠሩ በየሥራው የምትከፈሉ ከሆነ፣ ከመጀመራችሁ በፊት አምስት ነገር በጽሑፍ ያዙ። ዋጋው በቃል ነው ወይስ በሰዓት? በቃል ከሆነ የሚቆጠረው ዋናው ጽሑፍ ነው ወይስ ትርጉሙ? የእኛ ቋንቋ ብዙውን ነገር በአንድ ቃል ስለሚያስር፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲተረጎም የቃሉ ቁጥር ይቀንሳል፤ በትርጉሙ ከተቆጠረ ይጎዳችኋል። ስንት የእርማት ዙር ይካተታል? መቼ ነው የምታስረክቡት? እና ገንዘቡ በስንት ቀን ውስጥ ይገባል? እኔ ለመጀመሪያው ሥራዬ አምስተኛውን ሳልጠይቅ ቀርቼ ሰባት ወር ጠበቅሁ።